አባቴ ጋር የቀረችው ቃል

ያን ቀን ጠዋት አባቴ ላይ ጮህኩበት። ምክንያቱ አንድ ብርጭቆ ውሃ ነበር። በግራ እጁ ሊያነሳው ሲል አመለጠውና አልጋው ላይ ፈሰሰ፣ አንሶላውን የቀየርኩት ደግሞ ገና ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ነው፣ ሌሊቱን ሁለት ጊዜ ተነስቻለሁ፣ በዛ ላይ ዓይኔን ስገልጥ ሞባይሌን ከፍቼ ስንት ቀን ስጠብቀው ከነበረ መስሪያ ቤት "ለጊዜው አልተመረጡም" የሚል ኢሜይል አንብቤያለሁ። እና "አንድ ብርጭቆ መያዝ እንኳን አቃተህ?" አልኩት። አባቴን።

እሱ ምንም አልመለሰም፣ መመለስም አይችልም። ዝም ብሎ አየኝና በደህናው እጁ የፎጣውን ጫፍ ይዞ የፈሰሰውን ማድረቅ ጀመረ። ቀስ እያለ። እጁ የማይደርስበት ቦታ ላይ ለመድረስ ሲንጠራራ እኔ እዛው ቆሜ እያየሁት ነበር፣ ለምን ቶሎ ብዬ እንዳልተቀበልኩት እስካሁን አላውቅም።

በክፉ ቀን እንዴት በደህና እንደሚኖር ብዙ ሰው ይጽፋል፣ እኔም ብዙ አነባለሁ፣ ግን አብዛኛው የሚያወራው ውስጣችን እንዴት ደስ እንደሚለው ነው። እኔን የቸገረኝ ሌላ ነገር ነበር። መከራ ቤት ሲገባ ደስታዬን ብቻ አይደለም ያጣሁት፣ አንደበቴንም ነው ያጣሁት፣ ያውም ለባዳ ሰው አይደለም፣ ለማላውቀው ሰው ስልክ ላይ ድምፄ እንደ ማር ነው፣ ክፉ ቃሌ የሚያርፈው አንድ ጣሪያ ስር አብረውኝ ያሉት ላይ ነው። እነሱ የትም አይሄዱማ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምሰራበት ድርጅት ሰው ሲቀንስ እኔም ተቀነስኩ፣ ከዛ ብዙም ሳይቆይ አባቴን ስትሮክ መታው። የተጎዳው የግራው የአንጎሉ ክፍል ነው፣ ግራው አንጎል ቀኙን ሰውነት ስለሚያዝ ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ ዛሉ፣ አብዛኛው ሰው ላይ ደግሞ የቋንቋ ስራም በዋናነት የሚሰራው በዛው በግራ በኩል ስለሆነ ንግግሩም አብሮ ሄደ። ሐኪሞቹ አፌዥያ ይሉታል። የምንለውን አብዛኛውን ይረዳል፣ ማለት የሚፈልገውንም ያውቃል፣ ቃሉ ግን አይመጣለትም። ውሃ ሲጠማው "ውሃ" ማለት አይችልም። የእናቴን ስም መጥራት አይችልም፣ ዕድሜውን ሙሉ ሲጠራው የኖረውን ስም።

ግን አንድ ነገር ይላል። ውሃ ስትሰጡት፣ ትራሱን ስታስተካክሉለት፣ ካልሲ ስታደርጉለት፣ ጥርት ባለ ድምፅ፣ ምንም ሳይንተባተብ "እግዜር ይስጥልኝ" ይላል።

መጀመሪያ የሰማነው ቀን እናቴ አለቀሰች፣ ዳነ ብለን ነበር እኮ። "እስቲ ውሃ በል አባዬ" እያልን ከበን ቆምን፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ታገለ ታገለና አልሆነለትም፣ ላቡን ስጠርግለት ግን ወዲያው "እግዜር ይስጥልኝ" አለ። ከዛ ቤት እየመጣች የምታየው የንግግር ቴራፒስት አስረዳችን። ንግግር ሁሉ አንድ አይደለም፣ ቃል እየመረጥን አስበን የምንገነባው አለ፣ ሳናስበው የሚወጣ ደግሞ አለ፣ ሰላምታ፣ አንድ ሁለት ሦስት ብሎ መቁጠር፣ የሳምንቱ ቀናት፣ ከልጅነት የቆየ ዘፈን፣ ጸሎት። ሕይወታችንን ሙሉ ስንደጋግመው የኖርነው ይሄኛው የመጀመሪያው ሲጠፋ ብዙ ጊዜ ይተርፋል አለችን። ስድብም ይተርፋል አለች። አንዳንድ ታካሚ ላይ ሌላው ሁሉ ጠፍቶ ስድብ ብቻ ይቀርና ቤተሰቡ ይሳቀቃል፣ መሳቀቅ የለባቸውም፣ የሰውየው ክፋት አይደለም፣ አንጎል ሲጎዳ ምን ይቅር ብሎ አያማክርም።

እኔ ማታ ማታ ስለዚ ነገር ማንበብ ጀመርኩ (እንቅልፍ ስለሌለኝ)። እ.ኤ.አ. በ1861 ፖል ብሮካ የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም ፓሪስ አጠገብ ባለ ሆስፒታል አንድ ታካሚ አገኘ፣ ሌቦርኝ ይባላል፣ ከ20 ዓመት በላይ ሆስፒታል የኖረ ሰው ነው፣ ለሚጠየቀው ሁሉ የሚመልሰው "ታን" የምትል አንድ ድምፅ ብቻ ናት፣ "ታን ታን"። ሰው አልረዳ ሲለው ግን ይናደድና ያኔ አንድ የእርግማን ሐረግ ሙሉ ሆና ትወጣለት ነበር። ሌቦርኝ ሲሞት ብሮካ አንጎሉን መርምሮ በግራ ፊት ለፊቱ በኩል ጉዳት አገኘ፣ ንግግር ከየትኛው የአንጎል ክፍል ጋር እንደሚያያዝ በሰፊው መታወቅ የጀመረው ከዛ ነው። ከሱ በኋላ ጆን ሂዩሊንግስ ጃክሰን የሚባል እንግሊዛዊ የነርቭ ሐኪም ታስቦ የሚነገረውንና ሳይታሰብ የሚወጣውን ንግግር ለይቶ ጻፈ። ቴራፒስቷ ያለችን ያን ነው።

ይሄን ካነበብኩ በኋላ አንድ ጥያቄ አልለቅ አለኝ። ዛሬ ማታ እኔን ቢመታኝ ምን ይቀርልኛል? በምርጫ እንደማይሆን አውቃለሁ። ግን በቀን ስንቴ የምለው ቃል የቱ ነው፣ ሳላስበው ከአፌ የሚወጣው ምንድነው ብዬ አንድ ቀን ራሴን ስሰማ ዋልኩ። "ቆይ!" "እንዴ አሁን?" "ነገርኩህ እኮ!" እነዚህ ናቸው። በተለይ "ቆይ"። አባቴ እጁን ባነሳ ቁጥር፣ እናቴ ስሜን በጠራች ቁጥር፣ ከመዞሬ በፊት "ቆይ"።

አባቴ ያቺን ቃል እንዴት እንደተለማመዳት ደግሞ ትዝ አለኝ። ልጅ ሆነን እሱና እናቴ የሚኳረፉበት ጊዜ ነበር፣ አንዳንዴ ሁለት ሦስት ቀን፣ ቤቱ ጭጭ ይላል፣ እኔና እህቴ በእግር ጣታችን ነው የምንሄደው። ግን በዛ ኩርፊያ መሀል እናቴ የሆነ ነገር ስታቀብለው፣ ፊቷን አዙራ ስታቀብለው፣ እሱ "እግዜር ይስጥልኝ" ይላት ነበር። እሷን ለማባበል ብሎ እንዳይመስላችሁ፣ ኩርፊያው አላለቀም፣ ያንኑ ያህል ተኳርፈዋል። ሰው ነገር ሲያቀብልህ እንዲህ ይባላል፣ በቃ። ያኔ እንደ ግትርነት ነበር የማየው፣ አሁን ግን እነዛን ቀናት ሁሉ ለዚህ ቀን ሲያጠራቅም የነበረ ይመስለኛል፣ ሳያውቅ።

ስለዚህ እኔ የማምነው ይሄን ነው። በክፉ ቀን ደግ ሰው ለመሆን ደግነት እስኪሰማህ መጠበቅ አይሰራም። ሌሊቱን ሳይተኛ ያደረ ሰው፣ ገንዘቡን የሚቆጥር ሰው፣ ሐዘን ላይ ያለ ሰው፣ በዛች ቅጽበት ጥሩውን መልስ የመምረጥ አቅም የለውም፣ ወይ በጣም ትንሽ ነው ያለው። መልሱ ቀድሞ የተዘጋጀ መሆን አለበት። ሳይኮሎጂስቶች ይሄን ሲያጠኑ ቆይተዋል፣ ፒተር ጎልዊትዘር የሚባል ተመራማሪ "ጎበዝ እሆናለሁ" ብሎ ከመወሰን ይልቅ "እንዲህ ሲሆን እንዲህ አደርጋለሁ" ብሎ ቦታና ሰዓት ቆርጦ መወሰን ብዙ እንደሚያግዝ እ.ኤ.አ. በ1999 ጽፏል፣ ከዛ ወዲህም ብዙ ሰው ሞክሮታል። "ታጋሽ እሆናለሁ" ምንም አያደርግልህም። "የአባዬ በር ላይ ስደርስ እቆማለሁ" ግን የሚያዝ የሚጨበጥ ነገር ነው።

የኔ የመጀመሪያ ልምድም እሱ ነው፣ በሩ። ወደ አባቴ ክፍል ከመግባቴ በፊት እጄን የበሩ እጀታ ላይ አድርጌ አንድ ጊዜ በአፍንጫዬ ትንፋሽ እስባለሁ፣ ሲሞላ በላዩ ላይ ትንሽ እጨምርበታለሁ፣ ከዛ በአፌ ረጅም አድርጌ አስወጣለሁ። በቃ፣ ከዛ እገባለሁ። 10 ሰከንድ ቢፈጅ ነው። ትንፋሽ ስናስወጣ ልባችን ትንሽ ቀዝቀዝ ይላል፣ ስናስገባ ፈጠን ይላል፣ ይሄ ማንም ላይ ያለ የሰውነት አሰራር ነው፣ ለዛ ነው ማስወጣቱ ረዘም ሲል ሰውነት የሚረግበው። የስታንፎርድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጡት ጥናት በቀን 5 ደቂቃ ለአንድ ወር እንዲህ ዓይነቱን አተነፋፈስ የተለማመዱ ሰዎች ስሜታቸው ለተመሳሳይ ጊዜ ሜዲቴሽን ከሰሩት ሰዎች የበለጠ ተሻሽሎ ነበር። እኔ 5 ደቂቃ የለኝም፣ በር ግን በቀን ምናልባት 20 ጊዜ አልፋለሁ። እና በሩ ላይ ስቆም ሌላው የማደርገው ነገር ከየት ነው የመጣሁት ብዬ መጠየቅ ነው፣ ከኢሜይል ነው የመጣሁት? ከእናቴ ጋር ስለ ወጪ ተጨቃጭቄ ነው? ያ ነገር የአባቴ አይደለም፣ እሱ ክፍል የሚያገባ ጉዳይ የለውም። መጀመሪያ መጀመሪያ እየረሳሁ ዘው ብዬ እገባና ከገባሁ በኋላ ትዝ ሲለኝ ተመልሼ ወጥቼ እንደገና እገባ ነበር፣ አባቴ ግራ ገብቶት ያየኛል።

ልማድ በ21 ቀን ይያዛል የሚባለውን አትመኑ፣ እኔ በ21ኛው ቀን ገና እየረሳሁ ነበር፣ ለካ እንዲህ ዓይነት ሰው እኔ ብቻ አይደለሁም። ለንደን ውስጥ ፊሊፓ ላሊ እና ባልደረቦቿ 96 ሰዎችን ተከታትለው አንድ አዲስ ነገር ያለ ማሰብ ወደሚደረግበት ደረጃ ለመድረስ በአማካይ 66 ቀን እንደሚፈጅ አይተዋል፣ ግን ለአንዱ 18 ቀን ለሌላው 254 ቀን፣ ልዩነቱ እንዲህ ሰፊ ነው። ደስ ያለኝ ግን እሱ አይደለም፣ አንድ ቀን መሳት የተጀመረውን እንደማያበላሽ ማግኘታቸው ነው። እኔ አንድ ቀን ስስት "አይ በቃ አልችልም" ብዬ ሁሉንም የምተው ሰው ነበርኩ። አሁን ሳትኩ? በሚቀጥለው በር።

ሌላው የስሜት ነገር ነው፣ ይሄ ከሁሉም የከበደኝ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። እኛ ቤት ሰው ሲናደድ "ምን ሆነሃል?" ሲባል "ምንም" ነው መልሱ፣ እና ያ "ምንም" ቀኑን ሙሉ በሳህን ኳኳታና በበር ጓጓታ ሲወራ ይውላል። እኔም "ምንም" እል ነበር። አሁን ጠዋት እናቴ ጋር ስቀመጥ ያለሁበትን በስሙ እነግራታለሁ፣ "እማዬ ዛሬ ፈርቻለሁ፣ በአንቺ አይደለም፣ ያ ስራ ስላልተሳካ ነው" እላታለሁ። "በአንቺ አይደለም" የምትለዋ ቃል የግድ መኖር አለባት! ምክንያቱም በችግር ጊዜ አንድ ቤት ያሉ ሰዎች የሌላውን ፊት ሲያነቡ ሁሌም ራሳቸውን ነው ጥፋተኛ የሚያደርጉት፣ እናቴ የኔን ፊት መክበድ እያየች "እኛን መሸከም ሰልችቷት ነው" ስትል ለእህቴ እንዳወራች በኋላ ነው የሰማሁት። ስንት ወር እንደዛ እያሰበች ኖረች። ስሜትን በቃል መጥራት ራሱ የሚያቀዘቅዘው ነገር አለ፣ ማቲው ሊበርማን የሚባል ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው ጥናት ሰዎች የተቆጣ ወይ የፈራ ፊት እያዩ ስሜቱን በስሙ ሲጠሩት አሚግዳላ የሚባለው፣ ፍርሃት ሲመጣ የሚነቃው የአንጎል ክፍል፣ ስራው ቀነስ ሲል ታይቷል። ግን ለኔ ዋናው እሱ አይደለም፣ ዋናው እናቴ ከዛ ወዲህ እሷም መናገር መጀመሯ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ምንም ሳልጠይቃት "እኔ ደሞ ዛሬ ናፍቆኛል" አለች። ማን ብዬ አልጠየቅኳትም፣ አባዬ ጎናችን ተቀምጦ ነበር።

ይቅርታ መጠየቅ። ያን የውሃውን ጠዋት ይቅርታ ለመጠየቅ እስከ ማታ ፈጀብኝ። ቀኑን ሙሉ በሌላ ነገር ልክሰው ስሞክር ዋልኩ፣ ትራስ ጨመርኩለት፣ መስኮት ከፈትኩለት፣ ፀጉሩን አበጠርኩለት፣ ቃሏን ግን እየሸሸኋት ነበር። ማታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ "አባዬ ጠዋት የተናገርኩህ ልክ አይደለም፣ ይቅርታ" አልኩት። "ደክሞኝ ስለነበር ነው" ልል አፌ ላይ ደርሶ መለስኩት፣ ደክሞኝ ነበር፣ እውነት ነው፣ ግን ምክንያቱ ሲከተል ይቅርታው ጥያቄ ይሆናል፣ "ይገባሃል አይደል?" ማለት ነው፣ እሱ ደግሞ ዛሬ እኔን የመረዳት ግዴታ የለበትም። እሱ ትንሽ ቆይቶ እጄን በግራ እጁ ያዘና "እግዜር ይስጥልኝ" አለኝ። ያለችው እሷ ብቻ ናት።

ከዛን ቀን ወዲህ አንድ ህግ አለኝ፣ ያጠፋሁትን በዛው ቀን፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ካልሆነም መብራት ሳይጠፋ፣ ምክንያት ሳልጨምር። በአጭሩ። ረጅም ይቅርታ ደግሞ ሌላ ሸክም ነው፣ አልቅሰህ ስትጠይቅ የበደልከው ሰው አንተን ማጽናናት ይጀምራል።

ስለ ጠዋትና ስልክ ብዙ አልልም ሁሉም ያውቀዋል። ሞባይሌ አሁን የሚያድረው ሌላ ክፍል ነው፣ ለአላርም ተራ የጠረጴዛ ሰዓት አለኝ። ስነሳ መጀመሪያ የማደርገው ወጣ ብዬ ሰማይ ማየት ነው፣ ደመናም ቢሆን፣ የደመናማ ቀን የውጭ ብርሃን ከቤት መብራት በብዙ እጥፍ ይበልጣል፣ ሰውነታችን ውስጥ ያለውን ሰዓት የሚያስተካክለው ደግሞ በዋናነት ብርሃን ነው። ያ የውስጥ ሰዓት እንዴት እንደሚሰራ ያገኙት ሦስት ሰዎች፣ ጄፍሪ ሆል፣ ማይክል ሮስባሽ እና ማይክል ያንግ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ኖቤል ተሸልመውበታል። ለኔ ዋናው ግን የቀኑ የመጀመሪያ ዜና ከማላውቀው ሰው ኢሜይል እንዳይሆን ነው። ኢሜይሉን 3 ሰዓት ላይ አነበዋለሁ፣ ያኔ ለብሻለሁ፣ ፊቴን ታጥቤያለሁ፣ አባቴ ተነስቷል፣ ያው ኢሜይል ነው ግን ሌላ ሰው ነው የሚያነበው።

አዎ መልበስ። የትም ባልወጣም በሌሊት ልብስ አልውልም። ይሄ ለሌሎች ቀላል ሊመስል ይችላል፣ ስራ ያጣ ሰው ግን ያውቀዋል።

እርዳታ መቀበል ላይ ደግሞ እኔ በጣም ክፉ ነበርኩ፣ ክፋት መሆኑን ግን አላውቅም ነበር፣ ጨዋነት ይመስለኝ ነበር። ሰዎች "የምናግዛችሁ ነገር ካለ ንገሩን" ይላሉ፣ እኔ "አይ አመሰግናለሁ ደህና ነን" እላለሁ፣ እነሱ ይሄዳሉ፣ እኔ በውስጤ "ማንም የለን" እላለሁ። እንዴት ሰው "ደህና ነን" ብሎ መልሶ ማንም የለኝም ይላል? አንድ ጎረቤታችን ናቸው ያስተዋሉት፣ በእድሜ ትልቅ ሴት ናቸው፣ "ልጄ እኔን ከደጅ እየመለሽኝ ነው እኮ፣ ባዶ እጄን ስመለስ ምን የሚሰማኝ ይመስልሻል?" አሉኝ። አፈርኩ። እኔ እሳቸውን ላለማስቸገር ነበር፣ ለካ ያገዘ ሰው የሚያገኘውን ነገር እየነፈግኳቸው ነበር።

ከዛ ማታውኑ ወረቀት ላይ ሊስት ጻፍኩ፣ ሰው ሲጠይቀኝ በባዶ እንዳልመልስ። ማክሰኞ ከአባዬ ጋር ለአንድ ሰዓት መቀመጥ። መድኃኒት ማምጣት። ሲቪዬን ሌላ ዓይን ቢያየው። እናቴን ይዟት የሚወጣ ሰው፣ ለሐኪም ሳይሆን እንዲሁ ለመንሸራሸር። ወረቀቱን በር አጠገብ ለጠፍኩት። ሰው "ምን ላግዝ" ሲል አንዷን አነብለታለሁ፣ እና ሰዎች ይቀልላቸዋል፣ ፊታቸው ላይ ይታያል፣ ምክንያቱም ምን ማድረግ እንዳለባቸው አያውቁም ነበር። በጥናትም የታየ ነገር ነው፣ ሰው እርዳታ ሲጠይቅ ስንት ሰው እሺ እንደሚለው ሲገምት ከእውነቱ አሳንሶ ነው የሚገምተው፣ ፍራንሲስ ፍሊን እና ቫኔሳ ሌክ እ.ኤ.አ. በ2008 ይሄን አሳይተዋል። ሁሉም እሺ አላለኝም በርግጥ። አንድ በጣም የምቀርበው ሰው ሲጠየቅ ጠፋ፣ ያ አሁንም ያመኛል፣ ግን ያልጠበቅኳቸው ሰዎች መጡ።

ማመስገንን ከአባቴ ነው የተማርኩት ግን በራሴ መንገድ ነው የማደርገው። ማታ ከመተኛቴ በፊት ለአንድ ሰው አጭር ሜሴጅ እልካለሁ፣ በሳምንት ሁለት ሦስቴ፣ ዝም ብሎ "ስለሁሉም ነገር አመሰግናለሁ" ሳይሆን የተደረገውን ነገር በስሙ ጠርቼ። የቀድሞ ስራ ቦታዬ ላይ ለነበረች አለቃዬ ከ6 ዓመት በፊት ሰው ፊት ስሳሳት ጥፋቱን ወደ ራሷ ያዞረችበትን ቀን ጽፌ ላክሁላት፣ ስንት ጊዜ ጽፌ አጠፋሁት፣ "አሁን ስራ ስለፈታሁ የምለማመጣት ይመስላታል" ብዬ ስለፈራሁ። ወዲያው ደወለች። ድምጿ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ በዛ ሳምንት እሷም ቤት ችግር ነበር። አሚት ኩማር እና ኒኮላስ ኤፕሊ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ጥናት የምስጋና ደብዳቤ የሚጽፉ ሰዎች ተቀባዩ ምን ያህል እንደሚደሰት አሳንሰው፣ ምን ያህል ግር እንደሚለው ደግሞ አብዝተው እንደሚገምቱ አግኝተዋል። እኔ ያጠፋኋቸውን ሜሴጆች ሁሉ ሳስብ ያሳዝነኛል። ጽፋችሁ ያልላካችሁት ካለ ላኩት በናታችሁ።

አንድ ነገር ግን ልናገር፣ ምክንያቱም እንዲህ ዓይነት ነገር ሲጻፍ "ሁሌ ፈገግ በሉ" የሚል ይመስላል። አይደለም። እኔ አለቅሳለሁ። ሐሙስ ሐሙስ አባቴ ፊዚዮቴራፒ ሲሰራ እኔ ውጭ እየተራመድኩ አለቅሳለሁ፣ አንዳንዴ አይመጣም፣ ሲመጣ ግን አልከለክለውም። የተከፋ ሰው ተከፍቶም ቃሉ ሊለዝብ ይችላል፣ አባቴ ተኳርፎ ያመሰግን እንደነበረው። ደግሞ ልማድ የማይፈታው ነገር አለ፣ ሁለት ሳምንትና ከዛ በላይ በየቀኑ የሚከብድ፣ የሚያስደስት ነገር ሁሉ የሚጠላ፣ እንቅልፍና ምግብ የተዛባ ከሆነ እሱ የበር ላይ ትንፋሽ ጉዳይ አይደለም፣ ድብርት ሊሆን ይችላል፣ ባለሙያ ጋር መሄድ ነው፣ ሳይውል ሳያድር። እህቴ ሄዳለች፣ ጠቅሟታል።

ስራ እስካሁን አላገኘሁም፣ የግማሽ ቀን የሆነች ትንሽ ነገር ጀምሬያለሁ። አባቴ በከዘራ ከአልጋው እስከ መስኮቱ ይሄዳል። አፌዥያ ላይ ትልቁ ለውጥ የሚመጣው በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው ይባላል ግን ከዛም በኋላ ቀስ እያለ ይቀጥላል፣ "ው" ማለት ጀምሯል፣ "ሃ" ገና ነው። "ው" ሲል ሁላችንም ሮጠን እንሄዳለን።

ባለፈው ሳምንት እንደገና "አልተመረጡም" መጣ፣ በጣም ተስፋ ያደረግኩበት ነበር፣ ሁለት ኢንተርቪው አልፌ ነበር። ለማንም ገና አልተናገርኩም። ውሃውን ይዤ ወደ አባቴ ክፍል ሄድኩ፣ እጀታው ላይ እጄን አድርጌ ቆምኩ፣ ሳብኩ፣ አስወጣሁ፣ አልበቃኝም፣ ደገምኩት። ሦስተኛውን ሳስወጣ ከውስጥ፣ በሩ እንደተዘጋ፣ የአባቴን ድምፅ ሰማሁ። ከታመመ ጀምሮ ብሏት አያውቅም።

"አይዞሽ" አለኝ።